ቤት ከመሸጡ በፊት የሴፕቲክ ታንክ ፍተሻ፦ ከአራቱ አማራጮች የትኛው ለየትኛው ቤት?

ከከተማ የፍሳሽ መስመር ጋር ያልተገናኘ ቤት ሲሸጥ ሻጭና ገዢ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ግድግዳው ስንጥቅና ስለ መብራት መስመሩ ብዙ ይነጋገራሉ፤ ስለ ሴፕቲክ ታንኩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚባለው «ታይቷል፣ ችግር የለበትም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። በዚህ ዓረፍተ ነገር ሥር በጣም የተለያዩ ሥራዎች ይጠቃለላሉ። አንዱ ባለሙያ ግቢውን ዞሮ አይቶ ይሄዳል፤ ሌላው መጸዳጃው ውስጥ ቀለም ጨምሮ ውሃ ይለቃል፤ ሦስተኛው ክዳኑን ከፍቶ ዝቃጩን ከለካ በኋላ ታንኩን ያስመጥጣል፤ አራተኛው ደግሞ በቧንቧው ውስጥ ካሜራ ይሰዳል። አራቱም ፍተሻ ይባላሉ፤ ዋጋቸውም ሆነ የሚሰጡት መረጃ ግን በእጅጉ ይለያያል።

ከዚህ በታች የሚቀርበው ንጽጽር የትኛው ድርጅት ይሻላል የሚለውን አይመለከትም። የሚመለከተው እያንዳንዱ የፍተሻ ዓይነት ምን ሊያሳይ፣ ምን ሊያሳይ እንደማይችል እና ለየትኛው ሻጭ ወይም ገዢ እንደሚበቃ ነው።

ከመሬት በታች ያለው ምንድን ነው?

የተለመደው ሥርዓት ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ታንኩ ነው። ከቤት የወጣው ፍሳሽ ታንኩ ውስጥ ገብቶ ሲረጋ ከባዱ ነገር ወደ ታች ወርዶ ዝቃጭ ይሆናል፤ ቅባቱና ሳሙናው ወደ ላይ ወጥቶ ይንሳፈፋል፤ በመካከል የሚቀረው ውሃ ብቻ በመውጫ ቧንቧው በኩል ያልፋል። ሁለተኛው ክፍል ማስረጊያው ነው፤ ይኸውም ቀዳዳ ያላቸው ቧንቧዎች የተዘረጉባቸው በጠጠር የተሞሉ ቦዮች፣ ወይም ውሃው በጎንና በታች ወደ አፈር የሚሰርግበት ጉድጓድ ነው። ፍሳሹን በዋናነት የሚያጣራው ታንኩ ሳይሆን በማስረጊያው ዙሪያ ያለው አፈርና በውስጡ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው።

የሁለቱ ክፍሎች ብልሽት በወጪ አይመጣጠንም። በታንኩ ውስጥ የተሰበረ ቧንቧ ወይም የተሰነጠቀ ክዳን በአንድ ቀን ሥራ ሊተካ ይችላል። ዝቃጭ ለዓመታት ከታንኩ እያመለጠ የሄደበት ማስረጊያ ግን አፈሩ ላይ ጥቁርና አዳላጭ ንጣፍ ስለሚፈጠር ውሃ መቀበል ያቆማል፤ ያኔ ታንኩን ደጋግሞ ማስመጠጥ ለጥቂት ቀናት ፋታ ከመስጠት ያለፈ አይፈይድም። አዲስ ማስረጊያ ለመሥራት ደግሞ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ባዶ መሬት ያስፈልጋል፤ በጠባብ ግቢ ውስጥ ይህ መሬት ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ማንኛውንም የፍተሻ አማራጭ ስንመዝን ቀድመን የምንጠይቀው ስለ ማስረጊያው ምን እንደሚነግረን ነው። አስቸጋሪው ነገር ርካሽ የሆኑት ፍተሻዎች ማስረጊያውን በቅጡ የማያዩ መሆናቸው ነው።

ከዚህ የተለመደ ሥርዓት ውጭ የሆኑም አሉ። ማስረጊያ የሌለው ዝግ ማጠራቀሚያ በሞላ ቁጥር የሚመጠጥ ስለሆነ በእርሱ ላይ የሚፈተሸው ማፍሰስ አለማፍሰሱ ነው። አየር መንፊያና ፓምፕ ያለው ሥርዓት ደግሞ የኤሌክትሪክ ክፍሎቹንና የማስጠንቀቂያ ደወሉን የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋል። ሻጩ ያለው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳይታወቅ ዋጋ መጠየቅ ትርጉም የለውም።

የምንመዝንባቸው መስፈርቶች

የመጀመሪያው መስፈርት ከላይ እንደተባለው ፍተሻው ስለ ማስረጊያው የሚሰጠው መረጃ ነው። ሁለተኛው ታንኩ በሥራ ላይ እንዳለ፣ ማለትም ሳይመጠጥና የተለመደውን ያህል ውሃ እንደያዘ ይታያል ወይ የሚለው ነው። ሦስተኛው ፍተሻው በቀላሉ የሚሳሳት ወይም ሊታለል የሚችል መሆን አለመሆኑ ነው፤ ቤቱ ለወራት ሰው ሳይኖርበት ቢቆይ፣ ታንኩ ባለፈው ሳምንት ተመጥጦ ቢሆን ወይም ፍተሻው በደረቅ ወቅት ቢደረግ ውጤቱ ይለወጣል ወይ? አራተኛው የሚወጣው ሰነድ በገዢ፣ በአበዳሪና በሕግ ፊት ያለው ተቀባይነት ነው። የመጨረሻው ወጪውና በቤትና በግቢ ላይ የሚያስከትለው መጉላላት ነው።

አራተኛውን መስፈርት ብዙ ሰው ችላ ይለዋል። በአንዳንድ አገሮች ግን ጉዳዩ የምርጫ አይደለም። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት «ታይትል 5» በተባለው ደንብ መሠረት ሥርዓቱ በጥቅሉ ሽያጩ ከመፈጸሙ በፊት ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ መፈተሽ አለበት፤ ታንኩ በየዓመቱ መመጠጡን የሚያሳይ ማስረጃ ካለ ጊዜው ወደ 3 ዓመት ይረዝማል። በፈረንሳይ ከ2011 ጀምሮ 3 ዓመት ያልሞላው የፍተሻ ሪፖርት ከሽያጭ ሰነዶቹ ጋር መያያዝ አለበት። በእንግሊዝ ከሴፕቲክ ታንክ የሚወጣ ፍሳሽ በቀጥታ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጅረት እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ ያለ ሲሆን፣ ነባር ታንኮች እስከ 2020 መጀመሪያ እንዲስተካከሉ ታዝዞ ነበር፤ ሻጭም ስለ ሥርዓቱ ለገዢው በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። እንዲህ ያለ ደንብ በሚሠራበት ቦታ ደንቡ የሚጠይቀውን የማያሟላ ፍተሻ፣ ርካሽም ቢሆን፣ ሁለት ጊዜ መክፈል ይሆናል። ፍተሻ ከማዘዝ በፊት የአካባቢውን የጤና ወይም የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

አማራጭ 1፦ ከላይ በማየት ብቻ የሚደረግ ፍተሻ

ባለሙያው የቤቱን ባለቤት ታንኩ መቼ እንደተሠራ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተመጠጠና በቤቱ ስንት ሰው እንደሚኖር ይጠይቃል። ቧንቧዎችን ከፍቶ፣ መጸዳጃውን ደጋግሞ ለቆ ውሃው የሚወርድበትን ፍጥነት ያያል። አንድ የእጅ መታጠቢያ ብቻ ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ የዚያው መስመር ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ከዘገዩ፣ ወይም መጸዳጃው ሲለቀቅ የሻወሩ ጉድጓድ የሚንቦጫረቅ ከሆነ ግን ችግሩ በዋናው ቧንቧ፣ በታንኩ ወይም ከዚያ ባሻገር ነው። ከዚያም በግቢው ይዞራል፤ መሬቱ የራሰበትን፣ ሣሩ ከሌላው ቦታ ይልቅ የጠቆረበትንና የለመለመበትን፣ ሽታ ያለበትን፣ አፈሩ የሰመጠበትን ቦታ ይፈልጋል። በማስረጊያው ላይ መኪና ይቆም እንደሆነ ወይም ትልቅ ዛፍ ተተክሎ እንደሆነም ይመዘግባል።

ይህ ሁሉ ጠቃሚ ነው፤ ጥንቃቄ ያለው ሰው ራሱም ሊያደርገው ይችላል። ለሽያጭ ብቸኛ ማስረጃ አድርጎ መውሰድ ግን ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ክዳን ያልተከፈተበት ፍተሻ ስለ ታንኩ የሚያውቀው ባለቤቱ የነገረውን ያህል ብቻ ነው። የሚያገለግለው ለሌሎቹ ፍተሻዎች እንደ መግቢያ፣ ወይም ገዢ ብዙ ቤቶችን እያማረጠ ባለበት ደረጃ አጠራጣሪዎቹን ለመለየት ነው።

አማራጭ 2፦ ቀለም ጨምሮ ውሃ መልቀቅ

በዚህ ዘዴ ፍሎረሲን የሚባለው አረንጓዴ የሚያንጸባርቅ ማቅለሚያ ወይም መሰል ቀለም በመጸዳጃው ይጨመራል፤ ቀጥሎ ብዙ ውሃ ይለቀቃል፤ ከዚያም ቀለሙ በማስረጊያው ላይ፣ በአቅራቢያ ባለ ቦይ ወይም ጅረት ብቅ ይል እንደሆነ ይጠበቃል። ለማየት የሚስብ ዘዴ ነው፤ ምናልባትም ተወዳጅ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል።

ዋናው ድክመቱ ማስረጃው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠራ መሆኑ ነው። ቀለሙ ከመሬት በላይ ከታየ ሥርዓቱ መበላሸቱ የተረጋገጠ ነው። ቀለሙ ካልታየ ግን ምንም አልተረጋገጠም። ታንኩ በሺዎች የሚቆጠር ሊትር ይይዛል፤ የተሠራውም ፍሳሹን አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይዞ እንዲያቆይ ስለሆነ ጠዋት የተጨመረ ቀለም ባለሙያው ግቢውን ለቆ ሲወጣ ገና ከታንኩ ላይወጣ ይችላል። ቤቱ ባዶ ሆኖ ከቆየ ደግሞ የደረቀው አፈር የተለቀቀውን ውሃ በሙሉ ይመጠዋል፤ ስድስት ሰዎች ገብተው በየቀኑ መታጠብና ማጠብ ሲጀምሩ የሚሆነውን ግን አይናገርም።

ከዚህ የሚሻለው የተለካ ውሃ በመልቀቅ የሚደረገው ፍተሻ ነው። ቤቱ በቀን ይጠቀማል ተብሎ የሚገመተውን ያህል ውሃ በልክ ይለቀቃል፤ የታንኩ ክዳን ተከፍቶ የውሃው ወለል በመውጫው ላይ ከፍ ይል እንደሆነ፣ ከፍ ካለም በምን ያህል ጊዜ ወደ ቦታው እንደሚመለስ ይታያል፤ አንዳንድ ባለሙያዎች በማግሥቱ ተመልሰው እንደገና ያያሉ። ይህ ማስረጊያው ውሃ የመቀበል አቅም እንዳለው በቀጥታ ከሚያሳዩት ጥቂት ዘዴዎች አንዱ ነው። ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉት። ታንኩ ከተመጠጠ በኋላ ወዲያው ሊደረግ አይገባውም፤ ባዶው ታንክ ውሃውን ሁሉ ውጦ ማስረጊያው ደህና እንደሆነ ያስመስላልና። የመሙላት ምልክት አስቀድሞ በሚታይበት ቤት ደግሞ ተጨማሪ ውሃ መልቀቅ ፍሳሹን ወደ ቤት ውስጥ ሊመልሰው ይችላል።

አማራጭ 3፦ ክዳን ተከፍቶ፣ ተለክቶና ተመጥጦ የሚደረግ ሙሉ ፍተሻ

ለአብዛኛው የቤት ሽያጭ ተገቢ የምለው ይህ ነው፤ ነገር ግን ዋጋ የሚኖረው ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሁሉም ክፍሎች ክዳን ይከፈታል፤ ብዙ ታንኮች ሁለት ክፍል ስላላቸው የመጀመሪያውን ብቻ ማየት አይበቃም። ከዚያ ምንም ሳይነካ የውሃው ወለል ይታያል። በጤናማ ታንክ ውስጥ ወለሉ ከመውጫ ቧንቧው የታችኛው ጠርዝ ጋር እኩል ይሆናል። ከዚያ በታች ወርዶ ከተገኘና ቤቱ ሰው ሲኖርበት የቆየ ከሆነ ታንኩ ያፈሳል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ወይ መውጫው ተዘግቷል፣ ወይ ማስረጊያው ሞልቷል። ወለሉ ዛሬ በትክክለኛው ቦታ ላይ ቢገኝም፣ ባለሙያው መብራቱን በግድግዳው ላይ እያንቀሳቀሰ ከመውጫው በላይ የቀረ ጥቁር የውሃ መስመር መኖሩን ማየት አለበት፤ በሲሚንቶው ላይ ወይም በክዳኑ ሥር የተጣበቀ ቆሻሻ ታንኩ ቀደም ሲል እስከዚያ ሞልቶ እንደነበር የሚመሰክር ነው።

ቀጥሎ ዝቃጩና ተንሳፋፊው ይለካሉ። መሣሪያው ረጅም ብርሃን አሳላፊ ቱቦ ሊሆን ይችላል፤ ጫፉ ላይ ነጭ ፎጣ የተጠቀለለበት ረጅም እንጨትም ይሠራል፤ እንጨቱ እስከ ታች ወርዶ ሲወጣ በፎጣው ላይ የቀረው ጥቁር ክፍል የዝቃጩን ውፍረት ያሳያል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የሚጠቀምበት መለኪያ፣ የዝቃጩ የላይኛው ጫፍ ከመውጫው በታች እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከቀረበ፣ የተንሳፋፊው የታችኛው ጫፍ ከመውጫው አፍ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከቀረበ፣ ወይም ሁለቱ ተደምረው ከታንኩ ጥልቀት ከ25 በመቶ በላይ ከያዙ፣ ታንኩ መመጠጥ አለበት የሚል ነው። የተለመደው የማስመጠጫ ጊዜ በየ3 እስከ 5 ዓመት እንደሆነ ይነገራል፤ ልኬቱ ግን ከቀን መቁጠሪያው የበለጠ ይታመናል።

የመምጠጡ ሥራ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በትንሹ የመመልከቻ ቀዳዳ ሳይሆን በዋናው ክዳን በኩል መመጠጥ አለበት፤ አለበለዚያ ዝቃጩ በጥጋጥጉ ይቀራል። ወለሉ ከመውጫው በታች ሲወርድ ባለሙያው ሊከታተለው የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ ከመውጫ ቧንቧው ውሃ ወደ ታንኩ ተመልሶ ይፈስ እንደሆነ። ጥቂት ጠብታ አያሳስብም። ለደቂቃዎች ሳያቋርጥ የሚመለስ ውሃ ግን ማስረጊያው እስከ አፉ መሙላቱን ያሳያል፤ ይህን ምልክት ከዚህ ቅጽበት ውጭ ማግኘት አይቻልም። ታንኩ ባዶ ከሆነ በኋላ የግድግዳው ስንጥቅ፣ በመገጣጠሚያው የገባ የዛፍ ሥር፣ በመግቢያውና በመውጫው ላይ የሚገጠሙት «ቲ» የሚባሉት (የT ፊደል ቅርጽ ያላቸው) ቧንቧዎች መኖራቸውና ጤንነታቸው ይታያል። በአሮጌ የሲሚንቶ ታንኮች የመውጫው መከለያ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ይበላል፤ ከፍሳሹ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ከውሃው ወለል በላይ ባለው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ወደ ሰልፈሪክ አሲድነት ስለሚለወጥ ነው። ይህ መከለያ ከወደቀ ተንሳፋፊው ቅባት በቀጥታ ወደ ማስረጊያው ይሄዳል።

በመጨረሻ ማስረጊያው ይታያል። ማከፋፈያ ሳጥን ካለ ተከፍቶ ውሃው ወደ ሁሉም መስመሮች እኩል መሄዱ ይረጋገጣል፤ መመልከቻ ቱቦ ካለ በጠጠሩ ውስጥ የቆመው ውሃ ጥልቀት ይለካል፤ ከሌለም በጥቂት ቦታዎች በቀጭን ብረት ወይም በትንሽ ቁፋሮ ይፈተሻል። «ሙሉ ፍተሻ» እያሉ ታንኩን መጥጠው የሚሄዱ ስላሉ ይህ ክፍል በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ሻጮች በቅንነት የሚያደርጉት አንድ ነገር ይህን ፍተሻ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል፤ ገዢው ንጹሕ ታንክ እንዲያገኝ ብለው ፍተሻው ሳምንት ሲቀረው ያስመጥጣሉ። በቀን 500 ሊትር የሚጠቀም ቤተሰብ 4,000 ሊትር የሚይዝ ታንክ ለመሙላት 8 ቀን ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ድረስ የውሃውን ወለል አይቶ ስለ ማስረጊያው መናገር አይቻልም። የማስመጠጫ ደረሰኝ መልካም የጥገና ማስረጃ ቢሆንም የፍተሻ ሪፖርትን አይተካም።

የዚህ አማራጭ ድክመት ወጪው፣ ክዳኑ ከተቀበረ ግቢው መቆፈሩና አንድ የተለየ አደጋ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ በሚቀርብበት ወቅት ባዶ የሆነ ቀላል ታንክ፣ በተለይ የፕላስቲክ ወይም የፋይበር ግላስ፣ ከመሬት ተነሥቶ ሊንሳፈፍና ቧንቧዎቹን ሊሰብር ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ መምጠጡን ለደረቁ ወቅት ማቆየት፣ ወይም ከተመጠጠ በኋላ ወዲያው ውሃ መሙላት ያስፈልጋል።

አማራጭ 4፦ በካሜራ የሚደረግ ፍተሻ

ካሜራው ከቤት ወደ ታንኩ፣ ከታንኩም ወደ ማከፋፈያው የሚሄዱትን ቧንቧዎች ውስጥ ያሳያል፤ የተሰነጠቀውን፣ ሥር የገባበትን፣ ረግቦ ውሃ ያቆረውን ይለያል። በጫፉ ላይ ያለው ምልክት አስተላላፊ የት እንደደረሰ ከላይ በመሣሪያ ስለሚታወቅ፣ የታንኩን ቦታ የሚያውቅ ሰው በሌለበት ቤት ግቢውን ሁሉ ከመቆፈር ያድናል። የአፈሩን የመቀበል አቅም ግን አያሳይም። ስለዚህ ለብቻው የሚገዛ ሳይሆን አማራጭ 3 ላይ የሚጨመር ነው፤ የቆየ ቧንቧ፣ ትልልቅ ዛፎች ወይም ተደጋጋሚ መዘጋት ባለበት ቤት መጨመሩ ተገቢ ነው፤ በሌላው ቤት ሊታለፍ ይችላል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መስፈርት | በማየት ብቻ | ቀለምና ውሃ | ሙሉ ፍተሻ ከማስመጠጥ ጋር | ካሜራ |
|---|---|---|---|---|
| ስለ ማስረጊያው የሚሰጠው መረጃ | ላዩን ብቻ | ቀለም ብቻ ከሆነ ደካማ፣ በተለካ ውሃ ከሆነ ጥሩ | ጥሩ፣ ማስረጊያው ከተካተተ | የለም |
| ታንኩን በሥራ ላይ እንዳለ ማየት | አያይም | ክዳን ከተከፈተ ብቻ | ያያል፣ ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ | በከፊል |
| በባዶ ቤት መታለል | በጣም | በጣም፣ በተለይ ቀለሙ | በመጠኑ | አይታለልም |
| በቅርብ በተመጠጠ ታንክ መታለል | ይታለላል | ይታለላል | ይታለላል | አይታለልም |
| የሰነዱ ክብደት | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ከፍተኛ | ደጋፊ ሰነድ |
| ወጪ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ |
| መጉላላት | የለም | ጥቂት | ቁፋሮና የመምጠጫ መኪና | ጥቂት |

ማን ይፈትሽ?

ስለ ዘዴው ከተወሰነ በኋላ የሚቀረው የባለሙያው ጉዳይ ነው። የመምጠጫ መኪና ሠራተኞች ታንክ በየቀኑ ስለሚያዩ ስለ ታንኩ ሁኔታ የሚሰጡት አስተያየት ሊናቅ አይገባውም፤ ማስረጊያውን መመርመር ግን ሥራቸው አይደለም። ቤቱን በሙሉ የሚፈትሽ ጠቅላላ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ በአማራጭ 1 ይወሰናል። ፈቃድ ያለው የፍሳሽ ሥርዓት መርማሪ ባለበት ቦታ ተመራጩ እርሱ ነው፤ በሌለበት ደግሞ በሥራው ልምድ ያለው የሳኒተሪ መሐንዲስ ከመምጠጫ መኪናው ጋር በአንድ ቀን ቢመጣ ተመሳሳይ ውጤት ይገኛል።

የጥቅም ግጭት ግን ከሙያው ያላነሰ ትኩረት ይሻል። የሚፈትሸው ድርጅት ጥገናውንም የሚሠራ ከሆነ ብልሽት ማግኘት ይጠቅመዋል፤ በሻጭ ወይም በደላላ በተደጋጋሚ የሚጠራ መርማሪ ደግሞ ሽያጭ እንዳይፈርስ መፈለጉ አይቀርም። ስለዚህ ገዢ የራሱን ባለሙያ ቢልክ፣ ወይም ሁለቱ ወገኖች አንድ ባለሙያ መርጠው ክፍያውን ቢካፈሉና ሪፖርቱ ለሁለቱም እኩል እንዲደርስ ቢስማሙ ይሻላል። የሻጭ ሪፖርት ብቻ ካለ ገዢው ቢያንስ በፍተሻው ዕለት በቦታው ለመገኘት ሊጠይቅ ይገባል።

ለየትኛው ሁኔታ የትኛው?

ሥርዓቱ የተሠራው በቅርብ ዓመታት ከሆነ፣ ንድፉና የማስመጠጫ ደረሰኞቹ ካሉና ቤቱ ሰው የሚኖርበት ከሆነ፣ ሕግ ሙሉ ፍተሻ በማያስገድድበት ቦታ፣ ክዳን ተከፍቶና ወለሉ ታይቶ ዝቃጩ ቢለካ ሳይመጠጥም ሊበቃ ይችላል። ይህ የአማራጭ 3 የመጀመሪያ ግማሽ ነው፤ በጀት ለጠበበበት ሰው የምመክረውም ይህንኑ ነው። ቀለም ለመጨመር ከሚከፈለው ገንዘብ ይልቅ ለመክደኛው ቁፋሮና ለልኬቱ የሚከፈለው የተሻለ መረጃ ያስገኛል።

ዕድሜው ያልታወቀ ወይም ሰነድ የሌለው ሥርዓት ያለበት ቤት ሙሉ ፍተሻ ያስፈልገዋል፤ ታንኩ የት እንዳለ ካልታወቀ ካሜራው ይጨመር። ሻጭም ቢሆን ይህን ከገበያ በፊት ማስደረጉ ይጠቅመዋል፤ ብልሽቱን ራሱ ቀድሞ ካወቀ የሚጠግንበትን ጊዜና ባለሙያ የመምረጥ ዕድል ያገኛል፤ በድርድር መሀል ከታወቀ ግን ዋጋውን የሚተምነው ገዢው ይሆናል።

ባዶ ሆኖ የቆየ ቤት ከሁሉም ይበልጥ አስቸጋሪ ነው፤ ማስረጊያው ደርቆ ስለሚቆይ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። እዚህ ላይ ሙሉ ፍተሻው ከተለካ ውሃ ጋር መያያዝ አለበት፤ ከመመጠጡ በፊት ውሃው በተከታታይ ቀናት ቢለቀቅ ይመረጣል። በግድግዳው ላይ የቀረው የውሃ መስመር በእንዲህ ያለ ቤት የተለየ ዋጋ አለው፤ ሰው በነበረበት ጊዜ የሆነውን የሚናገረው እርሱ ነውና።

ገዢው ክፍል ለመጨመር ካሰበ የፍተሻው ጥያቄ ይለወጣል። በብዙ ቦታ የሥርዓቱ መጠን የሚሰላው በመኝታ ክፍሎች ቁጥር ነው፤ ለሁለት መኝታ ክፍል የተሠራ ጤናማ ሥርዓት ለአራት መኝታ ክፍል ጤናማ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የታንኩ ይዘት በሊትር እንዲለካና ለማስረጊያ መተኪያ የሚሆን ባዶ ቦታ በግቢው መኖሩ በሪፖርቱ እንዲጻፍ ይጠየቅ።

በግቢው የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ካለ የውሃ ምርመራ በተጨማሪ ይደረግ። በብዙ ደንቦች በማስረጊያና በጉድጓድ መካከል 30 ሜትር ገደማ ርቀት ይጠየቃል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ጨርሶ እንዳይገኝ፣ ናይትሬትም በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይላል፤ ምርመራው ከሙሉ ፍተሻው ወጪ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው።

የወቅት ምርጫ ካለ ዝናብ ከጣለ በኋላ መፈተሽ ለገዢ ይሻላል፤ በደረቅ ወቅት የሚሸሸግ የከርሰ ምድር ውሃ ችግር ያኔ ይወጣል። ምርጫ ከሌለ ፍተሻው የተደረገበት ወቅትና ከዚያ በፊት የነበረው የአየር ሁኔታ በሪፖርቱ መመዝገብ አለበት።

ሪፖርቱን ከመቀበል በፊት

«ሥርዓቱ በፍተሻው ዕለት ይሠራ ነበር» የሚል አንድ መስመር ያለው ወረቀት ሪፖርት ተብሎ ሊቆጠር አይገባውም። በቂ ሪፖርት የታንኩን ቦታ ከቤቱ ማእዘን በሜትር ለክቶ የሚያሳይ ንድፍ፣ ከመምጠጡ በፊት የነበረውን የውሃ ወለል፣ የዝቃጩንና የተንሳፋፊውን ልኬት በሴንቲ ሜትር፣ በሚመጠጥበት ጊዜ ውሃ ተመልሶ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ የመግቢያና የመውጫ ቧንቧዎችን ፎቶግራፍ፣ ማስረጊያው እንዴት እንደተፈተሸ እና ያልታየው ክፍል የትኛው እንደሆነ ከነምክንያቱ ይይዛል። የመጨረሻው ነጥብ የባለሙያውን ታማኝነት ያሳያል፤ ሁሉንም አየሁ የሚል ሪፖርት ይበልጥ ያጠራጥራል።

ብልሽት ከተገኘ የመውጫ ቧንቧ፣ ክዳን ወይም ማከፋፈያ ሳጥን ከሆነ ሻጩ ከሽያጩ በፊት ጠግኖ በፎቶ ቢያስረክብ ነገሩ በቀላሉ ይዘጋል። የማስረጊያ ብልሽት ከሆነ ግን ሻጩ ለመገላገል ሲል በጥድፊያ ከሚሠራው ይልቅ፣ በገለልተኛ ባለሙያ የተተመነው ወጪ ከዋጋው ተቀንሶ ወይም በሦስተኛ ወገን እጅ ተይዞ ገዢው ራሱ ቢያሠራው ይመረጣል፤ በሥርዓቱ የሚጠቀመውም እርሱ ነውና።

በፍተሻው ዕለት ግቢ ውስጥ ለሚገኝ ሁሉ የሚነገር አንድ ማሳሰቢያ አለ። የታንኩ ጋዝ ሰውን በጥቂት እስትንፋስ ራሱን ሊያስት ስለሚችል ባዶ ታንክ ውስጥ አንገትን እንኳ ማስገባት አይፈቀድም፤ የወደቀን ሰው ለማውጣት ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ተከትሎ መግባት ሁለተኛ ሕይወት ያስከፍላል። ክዳኑ ክፍት በሆነበት ጊዜ ሁሉ ልጆች ከግቢው ይራቁ፤ መርማሪው ከመሄዱ በፊትም ሁሉም ክዳኖች በቦታቸው መግጠማቸውን የቤቱ ባለቤት በዓይኑ ያረጋግጥ።